ጋሽ ጨርሰው ያልጨረሰው ካሴት

ጉድጓዱ ሲደረመስ ልጁ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነበር። ለውኃ ጉድጓድ ቆፋሪዎች ረዳት ሆኖ ከገባ ገና ሦስተኛ ወሩ ነው። ሥራው ከታች ሆኖ አፈሩን በባልዲ እየሞላ ገመዱን ሁለቴ መሳብ ነበር፤ ሁለቴ ሲስብ «ውሰዱት» ማለት ነው። ያን ዕለት ባልዲውን ሞልቶ እጁን ወደ ገመዱ ሲሰድ ግድግዳው ከላይ እንደ እህል ፈሰሰበት።

ነፍሱን ሲያውቅ ጨለማ ነው። አንድ ትልቅ ድንጋይ ከፊቱ ተጋድሞ አፈሩን ደግፎለታል። ባልዲው ጉልበቱ ላይ ተደፍቷል። ከዚህ ሌላ የሚያውቀው ነገር አልነበረም።

ከላይ ያሉት ቀኑን ሙሉ ሲቆፍሩ ዋሉ። በማግስቱ ረፋድ ላይ አለቃቸው አካፋውን መሬት ላይ ተክሎ ላቡን ጠረገና፣ «በቃ፤ የሞተው ሞቷል፤ በእሱ ላይ ሌላ ሰው አንጨምር» አለ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ አፈሩ ገና ይንሸራተት ነበር። የልጁ እናት ግን ከጉድጓዱ አፍ አልተነሣችም። ስትጮህ አድራ ድምጿ ተዘግቶ ስለነበር በሹክሹክታ ነው የተናገረችው።

«ጨርሱት» አለች።

«ምኑን ነው የምንጨርሰው፣ እናቴ?»

«ጉድጓዱን። ልጄ ካለ ልጄን፣ ከሌለም ሬሳውን አሳዩኝ። የጀመሩት ነገር መሃል ላይ አይተውም።»

አለቃው ሊመልስላት አፉን ሲከፍት ከታች አንድ ድምፅ መጣ። ቀጭን ነው፤ ይቆራረጣል፤ ብረት በጠጠር ሲመታ የሚሰማ ዓይነት። አለቃው አፉን ከደነና አካፋውን ነቀለ።

ከሰዓት በኋላ አወጡት። ሦስት የጎድን አጥንቱ ተሰብሯል፣ ሳንባው አቧራ ጠጥቷል። ባልዲውን ሲመታባት የነበረችውን ጠጠር ግን ከጣቶቹ መሃል ማስለቀቅ አቅቷቸው ከነጠጠሩ ነው ሐኪም ቤት የወሰዱት።

ያ ልጅ ዛሬ ስድሳ ስድስት ዓመቱ ነው። ሠፈሩ የሚያውቀው «ጋሽ ጨርሰው» በሚል ስም ነው፤ እናቱ ያወጣችለትን ስም ከመታወቂያው በስተቀር የሚያስታውሰው የለም።

ሐኪሙ «ከእንግዲህ አቧራ ጠላትህ ነው» ስላለው ቁፋሮውን ትቶ አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ተቀጠረ። ትምህርቱን ከአራተኛ ክፍል አላሳለፈውም ነበር። ጠጋኙ ደግሞ ቃል እንደ ወርቅ የሚቆጥብ ሰው ነው፤ ማስተማሩ «አየህ?» ማለት ብቻ ነው። አየ። ምሽት ላይ ሲገባ ያየውን በወረቀት እየሣለ፣ ማንበብ የማይችለውን የእንግሊዝኛ የማሽን መጽሐፍ ሥዕሉን እየተከተለ፣ በአምስት ዓመቱ ጠጋኙ ራሱ «እስቲ እየው» እያለ የሚያቀብለው ባለሙያ ወጣው።

ሚስቱን ያገኛት በጆሮው ነው። የስልክ ማዞሪያ ሠራተኛ ነበረች። ለመለዋወጫ ዕቃ ሊደውል መነጋገሪያውን ሲያነሣ «ቁጥር ይንገሩኝ» የሚል ድምፅ መጣና ቁጥሩ ከጭንቅላቱ በረረ። ዘጋው። እንደገና አነሣ፤ እንደገና በረረ። በሦስተኛው ጊዜ የድምፁ ባለቤት «ወንድሜ፣ የጠፋብዎት ቁጥሩ ነው ወይስ ሥራ?» አለችው። እንዲህ ተጀመረ። ከተጋቡም በኋላ መንገድ ላይ አንድ ቃል ስትናገር የማያውቃት ሰው ዞሮ «አንቺ ነሽ እንዴ?» ይላት ነበር። መልኳን ሳይሆን ድምፅዋን ነበር ከተማው የሚያውቀው።

ራሱን ሲችል የቪዲዮ ካሴት ማከራያ ከፈተ። ሱቁ ከአንድ ልብስ ሰፊ ሱቅ ጋር በአንድ ስስ ግድግዳ የተለያየ ነው፤ ልብስ ሰፊው ሲያስነጥስ እሱ «ይማርህ» ይላል። ስሙም የወጣለት እዚያ ነው። አንድ ቀን የደንበኛ ካሴት ክሩ ተጨማድዶ በየአምስት ደቂቃው ማሽኑ ይቆምበታል። ተንበርክኮ፣ የማሽኑን ጀርባ እየዳበሰ፣ «ጨርሰው! ጨርሰው እንጂ! እዚህ ደርሰህ ነው የምትተወው? ጨርሰው!» እያለ ሲጮህ ልብስ ሰፊው ትልቁን መቀስ ይዞ ዘሎ ገባ።

«ማንን ነው የምታስጨርሰው አንተ?»

«ካሴቱን።»

ልብስ ሰፊው መቀሱን አወረደ። «እኔ እኮ ሬሳ አብሬህ ልሸከም ነው የመጣሁት» አለ። በማግስቱ መንደሩ ሁሉ ጋሽ ጨርሰው ይለው ጀመር።

ስሙ ቀልድ ይሁን እንጂ ጠባዩን ልክ ይዞታል። በሥራው ሁለት ሕግ ነበረው። አንደኛው፣ እጁ የገባ ካሴት ሁሉ መጀመሪያ ጥርሱ ይነቀላል። የቪዲዮ ካሴት ከጀርባው ጠርዝ ላይ ትንሽ የፕላስቲክ ጥርስ አለችው፤ እሷ ከተነቀለች ማሽኑ በላዩ ሌላ ነገር ሊቀዳበት አይችልም። ሁለተኛው፣ ካሴት እስከ መጨረሻዋ ክር ይታያል። ምንም ያልተቀዳበት ቦታ ሲደርስ ስክሪኑ ላይ የሚርመሰመሰውን ነጭና ጥቁር ነጠብጣብ እሱ «ጉንዳን» ይለዋል። ሰው ጉንዳን ሲያይ አለቀ ብሎ ይነሣል። እሱ አይነሣም። ከጉንዳን በኋላ ስንት ነገር አይቷል። አንዲት ነርስ ወንድሟ ከመሰደዱ በፊት የተቀዳበትን ካሴት ይዛ መጥታ ነበር፤ መሃል ከተማ ያለው ትልቅ ሱቅ «ሃያ ደቂቃ ብቻ ነው ያለው፣ ሌላው ባዶ ነው» ብሏታል። ጋሽ ጨርሰው ሃምሳ ደቂቃ ጉንዳን ሲመለከት ቆየ። ከዚያ ወንድምየው በውስጥ ሱሪው ሸሚዝ ሲተኩስ ብቅ አለ። ነርሷ ሱቁ ውስጥ እየሳቀች ታለቅስ ነበር።

የመጀመሪያውን ሕግ ከየት እንዳመጣው ግን ለማንም አልተናገረም።

ካሴት ሄዶ ዲቪዲ መጣ፤ ዲቪዲ ሄዶ ስልክ መጣ። ማከራያው ባዶውን ቀረ። ሴት ልጁ ያኔ ፋርማሲስት ሆና ሥራ ይዛለች። እናቷ የሞተችባት በሦስት ዓመቷ ነው፤ ያሳደጋት እሱ ነው፤ ስለዚህ ታዘዋለች፣ ትቆጣዋለች፣ ታስቀዋለች።

«አባዬ፣ ዝጋውና ዕረፍ» አለችው።

«የሰው ቤት ውስጥ ስንት ካሴት እየሻገተ እንደሆነ ታውቂያለሽ? ማጫወቻውን ጥለው ካሴቱን ያስቀመጡ ናቸው። ወደ ኮምፒውተር ካልተዛወረ ነገ ማን ያየዋል?»

«አንተ ኮምፒውተር መቼ ታውቃለህ?»

«አላውቅም። አንቺስ ስትወለጂ መድኃኒት ታውቂ ነበር?»

በሃምሳ ስምንት ዓመቱ ጀመረ። ፊደሎቹ ሰሌዳው ላይ በተራቸው አለመደርደራቸው ለአንድ ሳምንት አናዶት ነበር፤ «የሰከረ ሰው ነው የደረደራቸው» ይላል። ማውዙን እንደ መተኮሻ ካውያ ይገፋው ነበርና ጠረጴዛው ሲያልቅበት አንሥቶ መመለስ እንዳለበት ያሳየችው ልጁ ናት። ሁሉንም በደብተር ጻፈ፦ ይህን ተጫን፣ ይህ ሲመጣ ጠብቅ፣ ይህን አትንካ። በስድስተኛው ወር ከማጫወቻው ወደ ኮምፒውተሩ የሚያስተላልፈውን ሽቦ ራሱ በየደ። የተጫረ ዲቪዲ ሲመጣለት ከመሃል ወደ ዳር በቀጥታ ይጠርገዋል፤ ዙሪያውን የሚጠርግ ደንበኛ ካየ እጁን ይይዘዋል። የሠርግ፣ የምረቃ፣ የልጅ መጀመሪያ እርምጃ፣ ሁሉንም ፋይል አድርጎ፣ በፍላሽ ጭኖ፣ ስሙንና ቀኑን ጽፎ ያስረክባል። ስምንት ዓመት እንዲህ ሠራ።

ችግሩ ማጫወቻዎቹ ነበሩ። አምስት ነበሩት። አንዱ ሲሞት ዕቃውን አውጥቶ ሌላውን ያክምበታል፤ እንዲህ እያለ አምስቱ አንድ ሆኑ። የቀረው አንዱም ሥዕሉን የሚያነበው ሄዱ አልቋል። ሲያጫውት ስክሪኑ ላይ መስመር ይጋደማል፤ መስመሩ በየሳምንቱ እየወፈረ ነው። ያን ዓይነት ሄድ የሚሠራ ፋብሪካ የለም፤ ከተማውን አስሶ አጥቷል። መደርደሪያው ላይ ደግሞ አሥራ ዘጠኝ የደንበኞች ካሴቶች ተራ ይጠብቃሉ።

እንዲህ ባለ ጊዜ ነው ልጁ አንድ ቅዳሜ ሱቁን ልታጸዳ የመጣችው። ልብስ ሰፊውም ሻዩን ይዞ በሩ ላይ ተቀምጧል። እሱም አርጅቷል፤ መርፌ ውስጥ ክር የምታስገባለት ሴት ቀጥሯል። ልጅቷ የጠረጴዛውን የታችኛውን መሳቢያ ስትስብ ከሽቦዎች ሥር አንድ ካሴት አገኘች። ጥርሱ ተነቅሏል። ላዩ ላይ በአባቷ እጅ «አይነካ» የሚል ተጽፏል።

«ይሄ ምንድን ነው አባዬ?»

ጋሽ ጨርሰው ቀና ብሎ አየና ፊቱ እንደ አመድ ሆነ።

«መልሺው።»

«የደንበኛ ነው?»

«መልሺው አልኩሽ።»

ልጅቷ አልመለሰችውም። በዕድሜዋ ሙሉ አንድ ጥያቄ ነበራት፤ የእናቷ ድምፅ ምን ይመስል እንደነበር። ፎቶዋ ነበራቸው፤ ድምፅዋን ግን አታስታውሰውም። ሌላው ሰው ሁሉ «የእናትሽ ድምፅ!» እያለ ራሱን ይነቀንቃል፤ እሷ ብቻ አታውቀውም። አጎቷ በተከራየው ካሜራ ቀድቷቸው የነበረ አንድ ካሴት እንደነበረ ታውቃለች። አባቷ «ጠፋ» ብሏት ነበር።

«ይሄ ያ ካሴት ነው?»

ጋሽ ጨርሰው መነጽሩን አወለቀ። ውሸት መድገም አልሆነለትም።

«ካሴቱ ያው ነው። ውስጡ ግን እናትሽ የለችም። እኔ ነኝ ያጠፋኋት።»

ተቀምጦ ነገራቸው። ሚስቱ ሐኪም ቤት ተኝታ ሳለ ነው። ያን ካሴት ከቤት ወደ ሱቅ ያመጣው ለደኅንነቱ አንድ ተጨማሪ ኮፒ ሊያወጣለት ነበር፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው። ስም አልጻፈበትም፤ ጥርሱንም አልነቀለም። ያን ዕለት ልብስ ሰፊው ለሠርግ የሚደርስ ልብስ ይዞት ነበርና የከሰዓቱን ኳስ ጨዋታ ቅዳልኝ ብሎ ለመነው። እሱ ወደ ሐኪም ቤት ሊሮጥ ይቸኩላል። እጁ የገባውን ካሴት ከተተ፣ ቀዩን የመቅጃ ቁልፍ ተጫነ፣ የሱቁን ቁልፍ ለልብስ ሰፊው ሰጥቶ ወጣ። ሚስቱ በሦስተኛው ሳምንት አረፈች። ከሁለት ወር በኋላ ድምፅዋን ሊሰማ ካሴቱን ሲያጫውት ሃያ ሁለት ሰው ኳስ ያሯሩጣል።

ልብስ ሰፊው ሻዩን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«የኔ ጨዋታ?»

«ያንተ ጨዋታ።»

«የኔን ጨዋታ ነው ሃያ ዘጠኝ ዓመት እዚህ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጠህ ከኔ ጋር ሻይ የምትጠጣው?»

«ምን ልበልህ? አንተ ምን አጠፋህ? ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ነግሬህ አንተንም ልቀብርህ ነው?»

«በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም!» ልብስ ሰፊው ዓይኑ ቀላ። «ያውም ተሸንፈን ነበር እኮ! ውጤቱን ሰምቼ ላየው እንኳ አልፈለግሁም! ያውም ሦስት ለባዶ!»

ልጅቷ በለቅሶዋ መሃል ሳቅ አመለጣት። ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ፣ «ጨዋታው ካለቀ በኋላስ ምን አለ?» ብላ ጠየቀች።

«ጉንዳን። ጨዋታው እንዳለቀ ጣቢያው ተቋርጦ ነበር መሰለኝ። ጉንዳኑ ሲጀምር አቆምኩትና ወደ መጀመሪያው መለስኩት።»

«አንተ? ጉንዳን ላይ አቆምክ?»

«ማሽን ነው የኔ ልጅ፣ አውቀዋለሁ። ካልነኩት ክሩ እስኪያልቅ ይቀዳል። እኔ ሐኪም ቤት ነበርኩ፤ ማንም አልነካውም። ከጨዋታው በኋላ ያለው በሙሉ በጉንዳን ተሸፍኗል። የማውቀውን ነገር ምን ብዬ ልየው?» ድምፁ ወረደ። «ደግሞም አልቻልኩም።»

ልብስ ሰፊው እጁን አነሣ፤ ክፍል ውስጥ ተራ እንደሚጠይቅ ተማሪ።

«ቆይ እስቲ። ማነው ማንም አልነካውም ያለህ?»

«እህ?»

«ልብሱን ጨርሼ መጣሁ። ቴሌቪዥኑ ይርመሰመሳል፤ ቀዩ መብራት በርቷል። ለምንድን ነው ባዶ የሚቀዳው ብዬ አጠፋሁት እኮ! አውጥቼም በመስኮቷ አየሁት። በግራ በኩል ያልተጠቀለለ ክር ቀርቶ ነበር።»

«ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይህን ታስታውሳለህ?»

«ለካሁታ! የሚቀጥለው ሳምንት ጨዋታ ይበቃው እንደሆነ ብዬ በአውራ ጣቴ ለካሁት። የአውራ ጣቴን ግማሽ ታህል ነበር። አልበቃኝም፤ ተናደድኩ። ልብስ ሰፊ የለካውን ይረሳል?»

ጋሽ ጨርሰው ቀስ ብሎ መነጽሩን መልሶ አደረገ። ግማሽ አውራ ጣት፣ ሩብ ሰዓት ገደማ ነው። የሚስቱ ወንድም ደግሞ ባዶ ቦታ ጠላቱ የሆነ ሰው ነበር፤ ደብዳቤ ሲጽፍ ወረቀቱ ካለቀበት ጠርዙን ዞሮ ይጽፍበታል። እንዲህ ያለ ሰው በተከራየው ካሜራ የቀዳውን ወደ ካሴት ሲገለብጥ ሩብ ሰዓት ክር ባዶውን አይተወውም።

«አሁኑኑ አጫውተው!» አለ ልብስ ሰፊው።

ጋሽ ጨርሰው ማጫወቻውን አየ፤ ከዚያ መደርደሪያውን።

«አይሆንም» አለ። «ይህ ካሴት ሻግቷል፤ ክሩ ሲጣበቅ ማሽኑን ሊሰብረው ይችላል። አሥራ ዘጠኝ ሰው አደራ ሰጥቶኛል። የኔ የሞተው ካሴት የነሱን ይግደለው? መጀመሪያ የሰው አደራ፤ ከዚያ የኔ።»

«ማሽኑ ከዚያ በፊት ቢሞትስ?» አለ ልብስ ሰፊው።

«ቢሞት ቢሞት።»

«አንተ ሰው ልብህ ከምንድን ነው የተሠራው?»

ጋሽ ጨርሰው ልጁን ነበር የሚያያት፤ የሚጠይቀው እሷን ነውና። ልጅቷ ካሴቱን ወደ ደረቷ አስጠግታ መደርደሪያው ላይ ያሉትን አንድ በአንድ ቆጠረች።

«ከሥራ ስወጣ እየመጣሁ አግዝሃለሁ» አለች በመጨረሻ። «ስሙን እየጻፍኩ። ቶሎ እንጨርስ።»

አሥራ አንድ ቀን ፈጀ። እሱ ያጫውታል፣ እሷ ፋይሉን ትሰይማለች፣ ፍላሹን ትጭናለች፣ ለባለቤቶቹ ትደውላለች። አንዱንም ካሴት ከጉንዳኑ ላይ አልቆረጠም። ልብስ ሰፊው በየማለዳው ግድግዳውን እየመታ «ስንት ቀረ?» ይላል፤ እሱም ቁጥሩን ይመልስለታል። መስመሩ በየቀኑ ወፈረ። በአሥረኛው ቀን ሥዕሉ ግማሹ ጠፋ፤ ሄዱን በአልኮልና በንጹሕ ጨርቅ ሲያባብለው ዋለና ተመለሰለት። አሥራ ዘጠነኛው ካሴት ሲወጣ ማሽኑን በመዳፉ መታ መታ አደረገና «አንድ ቀርታሃለች፣ ወንድሜ» አለው።

ለራሱ ካሴት አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ ተቀመጠ፤ ሻጋታ ለዚያ ሳንባ መልካም አይደለም። አምስቱን ብሎን ፈታ። ነጩን አቧራ ከክሩ ጠርዝ ጠረገ። ጨዋታውን ማሽኑ እንዲያሳልፈው አልፈለገም፤ እያንዳንዱ ዙር ከማሽኑ ዕድሜ ይቆረጣልና። ስለዚህ መንኮራኩሮቹን ንጹሕ ሰሌዳ ላይ አድርጎ ክሩን ከግራ ወደ ቀኝ በጣቱ ያጠነጥን ጀመር። የተጣበቀ ቦታ ሲያገኝ ይቆማል፣ በአልኮል ያርሳል፣ እስኪላቀቅ ይጠብቃል። ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሁለት ሰዓት ተኩል የሚጫወት ክር በአንድ ጣት አሳለፈ። ጣቱ ሲያብጥ ሌላ ጣት ተካ። ልብስ ሰፊው ሱቁን ዘግቶ መጥቶ አጠገቡ ተቀምጧል፤ በየመሃሉ አውራ ጣቱን አስጠግቶ ይለካል።

«ገና ነው… ገና… እዚህ ጋ! እዚህ ጋ ነበር። ትንሽ ወደ ኋላ አድርገው፤ እኛም ለስፌት ትርፍ ጨርቅ እንተዋለን።»

እንዳለው አድርጎ ክሩን በአዲስ የካሴት ቤት ውስጥ ገጠመው። ልጅቷ ኮምፒውተሩን አዘጋጀች። ካሴቱ ገባ፤ ማሽኑ አቃሰተ፤ ዞረ።

ጉንዳን።

አንድ ደቂቃ። ሁለት። የጉንዳኑ ጩኸት ጆሮ ይበላልና ጋሽ ጨርሰው ሁልጊዜ እንደሚያደርገው ድምፁን ቀነሰው። አምስት ደቂቃ ሞላ። መስመሩ መጀመሪያ ላይ ነበር፤ አሁን እሱም የለም። ስክሪኑ ከዳር እስከ ዳር ይርመሰመሳል። ከማሽኑ ውስጥ ጠጠር እንደሚፈጭ ያለ ድምፅ ወጣ። ሄዱ መሞቱን ያን ጊዜ አወቀ። ከእንግዲህ እናቷ ክሩ ላይ ብትኖርም ያ ማሽን ሊያሳያቸው አይችልም።

እጁ ወደ ማቆሚያው ቁልፍ ሄደ።

«አባዬ» አለች ልጁ።

«ሄዱ ሞቷል።»

«ጨርሰው።»

«የኔ ልጅ…»

«ጨርሰው አልኩህ! ድምፁንስ የሚያነበው ያው ሄድ ነው?»

ጋሽ ጨርሰው እጁ አየር ላይ ቀረ። አልነበረም። ድምፁ በክሩ ጠርዝ ላይ ነው፤ የሚያነበውም ሌላ ሄድ ነው፤ ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት በቀረው ሙያው ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ዓይኑ ጉንዳን ሲያይ ጆሮውን መዝጋት ስለለመደ ብቻ ረሳው። ልጅቷ ተንጠራርታ ድምፁን እስከ መጨረሻ ከፈተችው።

የጉንዳኑ ጩኸት ሱቁን ሞላው። ልብስ ሰፊው ፊቱን አጨማደደ። ሦስቱም የሚርመሰመሰው ስክሪን ላይ አፍጥጠው ቆሙ። ከዚያ ጩኸቱ በመቀስ እንደተቆረጠ ጨርቅ ቀጥ አለ፤ ስክሪኑ ግን እንዳለ ነው። ወንበር ሲሳብ ተሰማ። ሕፃን ሳቀች።

«ይሄ ነገር በርቷል ወይስ ጠፍቷል?» አለች አንዲት ሴት። «ወንድሜ፣ በቃህ፤ እያጠብኩ ነው፤ ዕቃ ሳጥብ ማን ያየኛል?»

አንድ ወንድ «ቦታ ተርፏል፣ ለምን ባዶ ይቀራል?» ሲል ተሰማ።

ልብስ ሰፊው ሁለት እጁን አፉ ላይ ጫነ። ልጅቷ ወደ ድምፅ ማውጫው ተጠጋች።

«ማንኪያውን ለምን ጆሮሽ ላይ አደረግሽው አንቺ?» አለች ሴትየዋ። ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ፤ ጠራ፣ ረጋ፣ የሥራ ድምፅ ሆነ፣ ከተማው ሁሉ የሚያውቀው። «ቁጥር ይንገሩኝ።»

«ሁለት!» አለች ሕፃኗ።

«ሁለት ብቻ? ማንን ፈልገው ነው?»

«አባዬ!»

«አባዬ ሥራ ላይ ናቸው። መልእክት አለዎት?»

ሕፃኗ አሰበች። «ና» አለች።

«እነግርልዎታለሁ» አለች ሴትየዋ፤ ሳቋም መጣ፤ ከሳቋ በኋላ ውኃ ሲፈስና ሳሕን ከሳሕን ሲጋጭ ለረጅም ጊዜ ተሰማ። ክሩ አልቆ ማሽኑ ቀጭ ብሎ እስኪቆም ድረስ አሥራ ሦስት ደቂቃ ከጥቂት ሰከንድ ነው። አንዲቷንም አልቆረጡም።

ፋይሉን ሦስት ቦታ አስቀመጡት። ስም የሰጠችው ልጁ ናት፤ «ና» ብላ ጻፈችበት። ማሽኑ ከዚያ ወዲያ አልተነሣም፤ ጋሽ ጨርሰው ጠርጎ፣ ሽቦውን ጠቅልሎ፣ መደርደሪያው ላይ በክብር አስቀመጠው። ሰው ካሴት ይዞ ሲመጣ ሌላ ማሽን እየፈለገ መሆኑን ይነግረዋል፤ እየፈለገም ነው። እስከዚያው ዲቪዲውን ይሠራል።

በሳምንቱ ልብስ ሰፊው እንደ ወትሮው ሻዩን ይዞ መጥቶ፣ «እንግዲህ ያን ካሴትም ጨርሰሃል፤ ስምህን እንለውጥልህ?» ብሎ ቀለደበት። ልጁም አጠገባቸው ነበረች። ጋሽ ጨርሰው የያዘውን ዲቪዲ ከመሃል ወደ ዳር ጠርጎ ሲጨርስ ነው የመለሰለት።

«ስሙ ይቆይ» አለ። «ግን ግማሹ ብቻ ነው እውነቱ። ከዚያ ጉድጓድ ያወጣኝ እናቴ 'ጨርሱት' ማለቷ ነው እያልኩ ነው ዕድሜዬን ሙሉ ያወራሁት። እናቴ ብትልም አለቃው አካፋውን ተክሎ ነበር እኮ። አካፋውን ያስነቀለው እኔ ባልዲውን መምታቴ ነው። በአሥራ ስድስት ዓመቴ ያወቅሁትን ትልቅ ሰው ሆኜ ረሳሁት። ሃያ ዘጠኝ ዓመት እዚህ መሳቢያ ውስጥ ተቀብሬ አንድ ቀን እንኳ አልመታሁም፤ አንተ ደግሞ በስስ ግድግዳ ማዶ አካፋህን ይዘህ ተቀምጠህ ነበር። ከላይ የሚቆፍርልህ ሰው መኖሩ ትልቅ ነገር ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ከታች ያለው ሰው መምታቱ ነው።»